ከአራተኛ ክፍል በላይ

በ1949 በአንግሊካኑ ቄስ በሊዮናርድ ቢቸር የሚመራ ኮሚቴ ለኬንያው የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት አንድ ዘገባ አቀረበ። (ዓመታቱና ወራቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባው የአፍሪካውያንን ትምህርት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። አከፋፈሉ ለዓይን ያምራል። ችግሩ ያለው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በሚያሻግረው በር ላይ ነው። አብዛኛው ልጅ አራተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ማሳው እንዲመለስ፣ ጥቂቱ ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። በየመንደሩ እንደ ልብ የሚከፈተው ትምህርት ቤትም ቁጥጥር እንዲጠብቅበት ይጠይቃል። መንግሥት በማግሥቱ ዓመት ዘገባውን ፖሊሲው አደረገው። በማዕከላዊው ደጋ የሚኖሩ የኪኩዩ ወላጆች ግን ለሃያ ዓመት ያህል በገዛ ገንዘባቸው ትምህርት ቤት ሲሠሩና መምህር ሲቀጥሩ ኖረዋልና መልእክቱ ወዲያው ገባቸው፤ ልጆቻቸው የት ድረስ እንደሚማሩ ሌላ ሰው ቆርጦላቸዋል።

አራተኛ ክፍል የሚባለው ወሰን ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ኤርትራን በገዛበት ዘመን ለአገሬው ልጆች የከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ከአራተኛ ክፍል አያልፉም ነበር። የሚፈለገው አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ ትእዛዝ የሚገባው አስካሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ለገዥው ያሰጋዋል። እንግሊዝና ጣሊያን ተመካክረው እዚያ ክፍል ላይ የቆሙ አይመስለኝም። ስሌታቸው ግን አንድ ነበር፤ ደረሰኝ የሚያነብ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ውል የሚያነብ ባለ መሬት አይፈለግም።

ስለ ቅኝ ግዛት ትምህርት ስንጽፍ አዘውትረን የምናነሣው ይዘቱን ነው፤ መጽሐፉ የማንን ታሪክ አስተማረ፣ የማንን ቋንቋ አነገሠ እንላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኬንያን ታሪክ ስመለከት ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ በትምህርት ቤቱ ላይ የሚያዝዘው ማን ነው? የኪኩዩ ገበሬዎች የታገሉት በዚህ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ በናይሮቢ የድሆች ሰፈሮች የተነሣው ክርክርም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል።

ንባብን ወደ ኪኩዩ ምድር ያመጡት ሚሲዮናውያን መሆናቸው አይካድም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን በቶጎቶና በቱሙቱሙ፣ የአፍሪካ ኢንላንድ ሚሲዮን በኪጃቤ፣ ሌሎችም በየአቅጣጫው ሰፍረው ፊደል አስቆጥረዋል፣ ሐኪም ቤት ከፍተዋል። በ1926 የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባብረው የመሠረቱት አላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኋላ የነጻይቱን ኬንያ ሚኒስትሮችና ምሁራን ያፈራ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ለም የሆነው ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ተከልሎ ነበር፤ የኪኩዩ ሰው የጎጆ ግብር ይከፍላል፣ ግብሩን ለማግኘት በሰፋሪው እርሻ ጉልበቱን ይሸጣል፣ ኪፓንዴ የሚባል የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር ከትቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከዚህ ኑሮ የሚያወጣ መንገድ ቢኖር ትምህርት ነው፤ የትምህርቱ ደጃፍ ደግሞ በሚሲዮኑ እጅ ነው።

በ1924 ፌልፕስ-ስቶክስ በተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ተቋም የተላከ ኮሚሽን በምሥራቅ አፍሪካ እየተዘዋወረ ትምህርትን አጠና። መሪው ቶማስ ጄሲ ጆንስ ይባላሉ። ከአባላቱ መካከል የጎልድ ኮስቱ ተወላጅ ጄምስ አግሬይ ነበሩበት፤ በኬንያ ብዙ ወጣቶች ጥቁር ምሁር ከነጮች እኩል ተቀምጦ ሲናገር ያዩት ያኔ ነው። የኮሚሽኑ ምክር ከአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመጣ ነበር። እዚያ ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች በሃምፕተንና በታስኪጊ የሚሰጠው የእጅ ሙያና የእርሻ ትምህርት ለአፍሪካውያንም ይስማማል ተባለ፤ ለገጠር ኑሮ የተመጠነ፣ ጤናን፣ ግብርናንና ቤት አያያዝን የሚያስተምር። በማግሥቱ ዓመት በካቤቴ ለዚሁ ዓላማ የሚሆኑ መምህራንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ሐሳቡን ከቅን ሰው አፍ ብንሰማው እናጨበጭብለት ነበር። ትምህርት ከኑሮ ጋር ይያያዝ፣ የገበሬ ልጅ እርሻን አይናቅ የሚለው ዛሬም በየስብሰባው የሚነገር ነው። ይሁንና ሐሳብ የሚመዘነው በወደቀበት መሬት ነው። በዚያን ጊዜ ኬንያ ውስጥ ዋናው ገንዘብ አምጪ ተክል ቡና ነበር፤ የኪኩዩ ገበሬ ደግሞ ቡና እንዳይተክል ተከልክሏል። ሰፋሪው ቡና ይተክላል፣ ኪኩዩው ለሰፋሪው ይለቅምለታል። ልጁን ግብርና ተማር እየተባለ አባቱ ግን ትርፍ ያለውን ተክል በገዛ መሬቱ ላይ ማቆም አይችልም። ወላጆች ለገጠር የተመጠነውን ትምህርት የጠሉት እርሻን ንቀው አይደለም። ልጃቸው ያለ መሬት፣ ያለ ቡና፣ ያለ ድምፅ እዚያው እንዲቀር የታሰበ መሆኑን ስላዩ ነው።

የፈነዳው ግን በሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ክፍል ማለባበስ አይገባም። በ1929 የስኮትላንድ ሚሲዮንና ሌሎች ሁለት ሚሲዮኖች የሴት ልጅ ግርዛትን የሚቃወም ቃል መምህራኖቻቸውና ምእመናኖቻቸው እንዲገቡ ጠየቁ። ከቃሉ ጋር ሌላ ነገር ተያይዞ ነበር፤ መሬት ይመለስ እያለ የሚታገለውን የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር እክዳለሁ ማለትም ይጠበቃል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ሰውየው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ሕዝቡ ነገሩን ኪሮሬ አለው፤ አሻራ ማለት ነው። ያላተመ መምህር ከሥራው ይወጣል፣ ልጁም ከትምህርት ቤቱ ይባረራል። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሲዮን ክፍሎች ባዶ ቀሩ። ወጣቱ ሙቲሪጉ የተባለ የተቃውሞ ጭፈራ ከመንደር መንደር አዛመተ፤ መንግሥት በ1930 አገደው።

ግርዛቱ ጎጂ ነበር፤ ዛሬም ጎጂ ነው። ኬንያ ራሷ በ2011 በሕግ ከልክላዋለች። ሚሲዮናውያኑ ሐኪሞች የሚያዋልዷቸው እናቶች ሲሞቱ አይተው መናገራቸው ትክክል ነበር፤ በኪኩዩ ክርስቲያኖች መካከልም ከልባቸው አምነው ቃል የገቡ ነበሩ። በኋላ የነጻይቱን ኬንያ የመሩት ጆሞ ኬንያታ በ1938 ባሳተሙት መጽሐፍ ድርጊቱን የጎሣው አንድነት ማሠሪያ አድርገው ተከላክለዋል፤ በዚህ ልስማማቸው አልችልም። በዚህ ሁሉ ክርክር ወንዶች በሴት ልጆች አካል ላይ ተነጋገሩ፤ የልጆቹ ድምፅ ብዙም አይሰማም። ወላጆች በኋላ የሠሯቸው ነጻ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ከዚህ ቁስል ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የሚያደንቃቸው ሰው ይህንንም አብሮ መሸከም አለበት። ሆኖም ሕዝቡ ያን ያህል የተቆጣው በግርዛቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጣው በጭፈራው ባለቀ ነበር። ሰዉ የተረዳው ሌላም ነገር ነው፤ የልጁ መማር በአንድ ሰው ፊርማና በአንድ ቢሮ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን። ነገ ሌላ ወረቀት ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያስደንቃል። ሽማግሌዎች ቦታ ሰጡ። ወጣቶች እንጨት ቆረጡ፣ ጭቃ አቦኩ፣ ሣር ከደኑ። በ1930ዎቹ ዓመታት ሁለት ማኅበራት ጎልተው ወጡ። አንዱ በሙራንጋ፣ በኒዬሪና በኤምቡ የበረታው የኪኩዩ ነጻ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ነው፤ የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በሩን ይከፍታል፣ ዕድል ሲያገኝ ይደራደራል። ሌላው በኪያምቡ በኩል የጠነከረው ካሪንጋ የሚባለው ነው፤ እሱ ከመንግሥትም ከሚሲዮንም መራቅን መረጠ። ሁለቱ በብዙ ነገር አይጣጣሙም ነበር፤ ስለ ስልታቸው ይከራከራሉ፣ አንዱ ሌላውን በልፍስፍስነት ወይም በግትርነት ይከሳል። አንድ የሚያደርጋቸው ገንዘቡ ከወላጅ መውጣቱና መምህሩ ተጠያቂነቱ ለመንደሩ መሆኑ ነው።

ክፍሎቹ ደካማ ነበሩ ብለው የጻፉ የመንግሥት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ብዙ መምህራን ራሳቸው ጥቂት ክፍል ብቻ የተማሩ ናቸው። ጠመኔ ያልቃል፣ መጽሐፍ በቡድን ይነበባል፣ ደመወዝ መከር ሲያልፍ ነው የሚመጣው። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ላይም ጭቅጭቅ አልጠፋም። ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው ጨመረ፤ በ1950ዎቹ መግቢያ በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ አብሮ ተነሣ፤ ከሚሲዮን የወጣ ሰው ልጁን የሚያጠምቅለት ካህን አጣ። ካህን ፍለጋው እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ በ1935 የአፍሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ዳንኤል ዊልያም አሌክሳንደር ኬንያ መጥተው ወጣቶችን አስተማሩ፣ ክህነት ሰጡ። ከእነዚያ አንዱ ጋቱንጉ የተባሉት ካህን ነገሩን ወደ ኋላ፣ ወደ እስክንድርያ መንበር ወሰዱት፤ በ1946 የግሪኩ ፓትርያርክ ተቀበላቸው። የማርቆስን መንበር ስም ስትሰማ ያደገች አገር አንባቢ ለዚህ ታሪክ ባዳ አይሆንም። አሌክሳንደር በመጡበት በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች፤ በለንደን ኬንያታ ከካሪቢያን ታጋዮቹ ከሲ ኤል አር ጄምስና ከኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ ጋር የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበርን መሥርተው የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያሰሙ ነበር። በጭቃ ክፍል ውስጥ ፊደል የሚቆጥረው የኪያምቡ ልጅም፣ ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር መኖሯንና አሁን እየተወጋች መሆኑን ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ምክንያቱም የዛሬ አንባቢ የሚጠብቀው እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለአገር ቋንቋ ሲታገሉ ለማየት ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ቅኝ ገዥው መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ ይል ነበር፤ ወላጆቹ ደግሞ እንግሊዝኛ ቶሎ ይጀመር እያሉ ይጨቀጭቁ ነበር። ሕጉ የሚጻፈው፣ የመሬት ጉዳይ የሚታየው፣ አቤቱታ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ኬንያታ በ1929 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበርን አቤቱታ ይዘው ለንደን የተላኩት ከቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ስላስፈለገ ነው። ኪኩዩኛው ቤት ውስጥ አለ፣ ማንም አልወሰደባቸውም፤ የጎደላቸው የገዥው ጽሕፈት ቤት የሚናገርበት ነው። እኔ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ደጋፊ ነኝ። የእነዚያን ወላጆች ምርጫ ግን አእምሮው በቅኝ የተያዘ ሰው ምርጫ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። እውቀቱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚለውን ራሳቸው ወሰኑ፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸውንም ያውቁ ነበር።

በጥር 1939 በጊቱንጉሪ የኬንያ አፍሪካውያን የመምህራን ኮሌጅ ተከፈተ። መሥራቹ ፒተር ምቢዩ ኮይናንጌ የታላቁ የኪያምቡ ሹም የኮይናንጌ ዋ ምቢዩ ልጅ ናቸው። አሜሪካ ሄደው በሃምፕተን ጀምረው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የማስተርስ ዲግሪ ይዘው በ1938 ተመለሱ። ለአፍሪካ ልክ ነው የተባለው ትምህርት ከተቀዳበት ቦታ ጀምረው፣ አልፈውት የሄዱ ሰው ናቸው። ኮሌጁ የተፈለገው ነጻዎቹ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን መምህር እንዲያፈሩ ነው።

ገንዘቡ የተሰበሰበበትን መንገድ በዝርዝር መናገር ይገባል። ኪኩዩዎች በአንድ ዘመን ለአካለ መጠን የደረሱ እኩዮች አንድ ስም ይዘው እስከ ዕድሜ ልክ የሚቆዩበት ማኅበር አላቸው። ኮሌጁ ያን ማኅበር ተጠቀመበት። እያንዳንዱ የዕድሜ ማኅበር ስሙ ተጠርቶ ያዋጣል፣ ሌላው እንዳይበልጠው ይሽቀዳደማል፤ ፍየል የሚያመጣ ፍየል፣ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሽልንግ። በአብዛኛው ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ ገንዘብ እናዋጣለን ብለው ራሳቸው ተደራጁ። በ1929 በሴቶች አካል ላይ የተከራከረው ኅብረተሰብ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው እናቶቹ ተነሥተው ልጃገረዶች ከቤት ርቀው አድረው የሚማሩበትን ቤት አሠሩ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ለውጡን ያመጣው ከውጭ የመጣ ትእዛዝ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የእነሱ ስለሆነ ምን እንደሚጎድለው አይተው ሞሉት።

ኬንያታ በ1946 ከውጭ ተመልሰው በማግሥቱ ዓመት የኮሌጁን አመራር ያዙ። ጊቱንጉሪ የመሬትና የነጻነት ትግሉ መናኸሪያም ሆነ። የቢቸር ዘገባ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

በጥቅምት 20 ቀን 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኬንያታ ተያዙ። በቅኝ አገዛዙ ላይ የተነሣው የማው ማው ጦርነት ደጋውን ሲያዳርስ መንግሥት ነጻ ትምህርት ቤቶቹን የአመፅ መፈልፈያ ብሎ ዘጋ፤ የተረፉትን ለወረዳ የትምህርት ቦርዶችና ለሚሲዮኖች አስረከበ። ጊቱንጉሪ ተዘግቶ ሕንፃው እስር ቤት ሆነ፤ ስቅላት ተፈጸመበት። በአስቸኳይ ጊዜው ዘመን በመላ ኬንያ የተሰቀሉት ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ለልጃገረዶች ማደሪያ ያዋጡ እናቶች ገንዘባቸው የት እንደ ደረሰ ያዩት እንዲህ ነው።

ያኔ በሊሙሩ አጠገብ በማንጉ የካሪንጋ ትምህርት ቤት ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ የነበረ፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የሚባል ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ በመንግሥት እጅ ሲገባ ሥርዓቱ ተለወጠ። በግቢው ኪኩዩኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፋል ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። አባቶች በፈቃዳቸው የጠየቁት እንግሊዝኛ በአለንጋ ሲመጣ ሌላ ነገር ሆነ። ንጉጊ በኋላ በአፍሪካ ቋንቋዎች መጻፍን የሙሉ ዕድሜ ጉዳዩ ያደረገው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ በ2025 ግንቦት እስካረፈበት ድረስም ከዚያ አልራቀም። በእሱና በካሪንጋ ወላጆች መካከል ተቃርኖ የሚታያቸው አሉ። እኔ አይታየኝም። ሁለቱም የተነሡት ሌላ ሰው ወስኖ በጫነባቸው ነገር ላይ ነው።

ነጻነት በ1963 መጣ። አዲሱ መንግሥት ሃራምቤ፣ ማለት ተባብረን እንሥራ፣ ብሎ ሕዝቡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በመዋጮ እንዲያቆም ቀሰቀሰ። ሕዝቡ ልምዱ ነበረውና በፍጥነት ሠራ፤ በ1970ዎቹ የሃራምቤዎቹ ቁጥር ከመንግሥቶቹ በልጦ ነበር። የመንግሥት ቁንጮዎች ልጆች ግን የሚማሩት እዚያ አልነበረም። በታኅሣሥ 1973 ኬንያታ የትምህርት ክፍያ መነሣቱን ሲያውጁ አዋጁ የሸፈነው የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ብቻ ነው። የድሮው ወሰን በነጻ አገር እንደገና ታየ። ብዙ ሳይቆይ የሕንፃ መዋጮ የሚባል ክፍያ መጥቶ ያንኑ ነጻነት በከፊል በላው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ አገራችን ልሻገር፣ ግንኙነቱ የእውነት ነውና። በእኛ አቆጣጠር በ1964 የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተዘጋጀው በዓለም ባንክና በሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ነው። ትምህርትን ለብዙኃኑ የገጠር ልጅ ለማዳረስ ያለመ፣ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ የያዘ ሰነድ ነበር። ለአብዛኛው ልጅ ያሰበለት ግን ለገጠር ኑሮ የተመጠነ የአራት ዓመት ትምህርት ነው። ከመምህራኑና ከወላጆቹ ጋር ሳይመከር በዝግ በር ተሠርቶ፣ ይዘቱ ሲሾልክ አገር ተናወጠ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎች በዚያው ቀን አብረው ቆሙ፤ የዐፄው መንግሥት ጥናቱን ቢያቆየውም የአብዮቱ በር ተከፍቶ ነበር። ወላጁ ያነበበው የኪኩዩ ወላጅ በ1949 ያነበበውን ነው። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ቅን ቢሆኑም፣ የድሃ ልጅ እዚህ ይቁም የሚል መስመር ወላጁ በሌለበት ሲሰመር፣ ወላጁ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

በኬንያ ደግሞ ትምህርትና ሥልጣን ገና አልታረቁም። በ1976 በሊሙሩ አቅራቢያ ባለችው ካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች የጎልማሶች ትምህርት ጀመሩ፤ ያስተባበሩት ንጉጊ ዋ ሚሪና ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ናቸው። ማንበብ የቻሉት ሰዎች በኪኩዩኛ ትያትር ሠሩ፤ የአየር ላይ መድረኩን በእጃቸው ገነቡ፤ ጽሑፉን በየልምምዱ አረሙ፣ ይህ የእኛ ኑሮ አይደለም እያሉ ንግግር ለወጡ። ትያትሩ በ1977 ጥቅምት ታየ፣ ኅዳር ላይ ታገደ፣ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ታሰረ። በ1982 መንግሥት ማዕከሉን አፈረሰው። ባለ ሥልጣናቱ በዚህ ጊዜ ጥቁሮች ናቸው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን ውሳኔው ቀስ እያለ ከመንግሥትም እጅ ወጣ። ዕዳ የከበዳት ኬንያ የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ያዘዙትን የመዋቅር ማስተካከያ ተቀበለች፤ በ1988 ወጪ መጋራት የትምህርት ፖሊሲ ሆነ። ወላጅ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር፣ ለፈተና ይከፍላል። ያልቻለው ልጁን ያስቀራል፤ ብዙ ጊዜ ሴቷን። ሃራምቤ የተባለው የኅብረት ሥራ በዚህ ዘመን መንግሥት የተወውን ቀዳዳ መድፈኛ ሆነ፤ ገንዘቡ ከወላጅ ይወጣል፣ ትእዛዙ ግን ከላይ ይመጣል። ከውጭ ሲታይ የጊቱንጉሪ መዋጮን ይመስላል፤ ከውስጡ ግን የወላጁ ሥልጣን ተወስዷል።

በጥር 2003 ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ሲያስቀሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዲስ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። በማግሥቱ ዓመት በኤልዶሬት አቅራቢያ የ84 ዓመቱ ኪማኒ ማሩጌ አጭር ሱሪና ሹራብ ለብሰው አንደኛ ክፍል ተመዘገቡ። ማሩጌ የማው ማው ተዋጊ ነበሩ። ሊማሩ የፈለጉት መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ለማንበብና ካሳ ሲከፈላቸው ገንዘቡን በትክክል ለመቁጠር መሆኑን ይናገሩ ነበር። በ2005 ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ነጻ ትምህርት ተናገሩ።

ክፍሎቹ ግን ተጨናነቁ። በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ሲበዛ ድሃው ወላጅ ራሱ ሌላ መፍትሔ ፈለገ፤ በዚህ ቀዳዳ ነው ብሪጅ ኢንተርናሽናል አካዳሚስ የገባው። አሜሪካውያን ሥራ ፈጣሪዎች የመሠረቱት ይህ ኩባንያ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን በ2009 በናይሮቢ ሙኩሩ ሰፈር ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት በመቶዎች አደረሰው። ቢል ጌትስና ማርክ ዘከርበርግ፣ የዓለም ባንክ የግል ኢንቨስትመንት ክንድ የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንም ገንዘብ አፈሰሱበት።

የአሠራሩን እምብርት ለማየት ክፍል ውስጥ መግባት ይበቃል። መምህርቷ እጇ ላይ ታብሌት አለ። የምትናገረው ዓረፍተ ነገር፣ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ቃል፣ ተማሪ የምትጠይቅበት ጊዜ፣ በወንበሮች መካከል የምትዘዋወርበት ደቂቃ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ መጥቶላታል። በዚያ ቀን በሌላ ከተማ ያለ የዚያው ክፍል መምህር ያንኑ ትምህርት ያነብባል። ታብሌቱ ደግሞ መልሶ ይናገራል፤ መቼ እንደ ጀመረች፣ የት እንደ ደረሰች ለማዕከሉ ያሳውቃል። ልጅ አልገባኝም ቢል ጽሑፉ ይቀጥላል። ብዙዎቹ መምህራን የመምህርነት ምስክር ወረቀት የሌላቸውና ደመወዛቸው አነስተኛ ነበር፤ ኩባንያው ዋጋውን ዝቅ ያደረገው በዚህ ነው።

በኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ የተሠራ በ2022 የወጣ ጥናት ዕጣ ወጥቶላቸው በብሪጅ ሁለት ዓመት የተማሩ የኬንያ ልጆች ዕጣ ካልወጣላቸው እኩዮቻቸው በፈተና በብዙ ርቀው መገኘታቸውን አሳይቷል። ጥናቱን ማጣጣል አልፈልግም። ልጇ ማንበብ የቻለላት የሙኩሩ እናት መደሰቷ ትክክል ነው፣ መንግሥትም ሊያፍርበት ይገባል። በነጻዎቹ የኪኩዩ ትምህርት ቤቶችና በሚሲዮኖቹ መካከል እንዲህ ያለ ጥናት በ1938 ቢሠራ ሚሲዮኖቹ ያሸንፉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ወላጆቹም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ሆኖም የራሳቸውን መረጡ፣ ምክንያቱም የደከመውን መምህር መለወጥ፣ የጎደለውን ማደሪያ መጨመር፣ ልጃቸው ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዲሄድ መወሰን የሚችሉት እዚያ ብቻ ነበር። ታብሌቱን የያዘችው መምህርት ጎበዝ ብትሆንም ትምህርቱን ማረም አትችልም። እናቲቱ ክፍያ ካቆመች ልጇ ይወጣል፣ ከዚያ ያለፈ ቃል የላትም።

ተቃውሞው የተነሣው ከዚህ ነው። በኡጋንዳ መንግሥት የብሪጅን ትምህርት ቤቶች በ2016 አሟሉ የተባሉትን መስፈርት ባለማሟላታቸው እንዲዘጉ አዘዘ፤ በኅዳር ወር የካምፓላው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አጸናው። በኬንያ የመምህራን ማኅበራት በአደባባይ ታገሉት። በ2018 ሚያዝያ የምሥራቅ አፍሪካ የሰብአዊ መብት ማዕከል የብሪጅ ወላጆችንና መምህራንን ወክሎ ዋሽንግተን ለሚገኘው የፋይናንስ ኮርፖሬሽኑ የአቤቱታ ሰሚ ቢሮ ማመልከቻ አስገባ፤ ስለ ሥራ ሁኔታ፣ ስለ ክፍያ ግልጽነት፣ ስለ ልጆች ደኅንነት። አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቶ ምርመራ ተከፈተ፤ ኮርፖሬሽኑም በ2022 መጋቢት ድርሻውን ሸጦ ከኩባንያው ወጣ።